ጂፒኤስ ወይስ ላፕቶፕ? ከዳባዲ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ መንገድ የመፈለግ አጭር ታሪክ



ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጥያቄ ላከልኝ። አሁን ለአስጎብኚ ሥራ ላንድክሩዘር ይነዳል። «ቲቸር፣ ኔትወርክ የሌለበት አገር ስንገባ ስልኬ ላይ አልተማመንም። በእጅ የሚያዘውን ጂፒኤስ ልግዛ ወይስ ያለኝን ላፕቶፕ ካርታ ጭኜበት መኪና ውስጥ ልጠቀምበት?» ነው ያለው። የታሪክ መምህር እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲጠየቅ መልሱ አያጥርም። ለብዙዎቻችሁም ይጠቅማል ብዬ እዚሁ ልጽፈው ወሰንኩ። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

መልሱ እንዲገባን በቅድሚያ ሦስት ነገሮችን እንለይ። አንደኛ፦ የት ነው ያለሁት? ሁለተኛ፦ ዙሪያዬን ምን አለ? ሦስተኛ፦ የምሄድበትን ቦታ ሰው ምን ብሎ ይጠራዋል? የመጀመሪያው ቁጥር ነው፣ ሁለተኛው ካርታ ነው፣ ሦስተኛው ስም ነው። በእጅ የሚያዘው ጂፒኤስ ዋና ሥራው ቁጥሩን መስጠት ነው። ላፕቶፑ ካርታውን በሰፊው ያሳያል። ስሙን ግን ሁልጊዜም የሚሰጠው ሰው ነው። በአገራችን መንገድ የመፈለግ ታሪክ የእነዚህ የሦስቱ ታሪክ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

1. ቁጥሩ ወደ አገራችን እንዴት ገባ?

ድሮ ነጋዴውም፣ ዘማቹም፣ መንገደኛውም ይዞ የሚሄደው መንገድ መሪ ነበር። መሪው ውሃው የት እንዳለ፣ ወንዙ በየትኛው ወር እንደሚሞላ፣ የትኛው መሻገሪያ ቀረጥ እንዳለው ያውቃል። ይህ ሁሉ እውቀት በሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው የተቀመጠው።

እ.ኤ.አ. በ1838 አንቷን ዳባዲ የሚባል ፈረንሳዊ ከወንድሙ ከአርኖ ጋር በምፅዋ በኩል ገባ። እስከ 1848 ድረስ አገሩን በእግርና በበቅሎ እየዞረ በቴዎዶላይት የተራሮችን ማዕዘን ይለካ ነበር። ቴዎዶላይት ማለት የዛሬ ቀያሾች በሦስት እግር ላይ አቁመው በመነጽር የሚያዩበት መሣሪያ አያት ነው። ሰውዬው ከፍታ ላይ ወጥቶ ዙሪያውን የሚታዩትን ጫፎች አንድ በአንድ ይለካል፣ ወደ ሌላ ከፍታ ሄዶ እነዚያኑ ጫፎች እንደገና ይለካል፣ ከሁለቱ ተነስቶ ቦታቸውን ያሰላል። ውጤቱን በኋላ ፓሪስ ላይ «የኢትዮጵያ ጂኦዴሲ» በሚል ርዕስ አሳተመው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። መሣሪያው ማዕዘን እንጂ ስም አይነግርም። «ያ ተራራ ማን ይባላል?» ብሎ መጠየቅ የግድ ነው። ለካርታው ቁጥሩ ከፈረንሳዊው ሲመጣ ስሙ የመጣው ከእረኛው፣ ከነጋዴውና ከመሪው ነው። ይህን የሥራ ክፍፍል ያዙልኝ፣ ዛሬም አልተለወጠም።

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በንጉሡ ዘመን፣ ሥራው ወደ መንግሥት ደረጃ ከፍ አለ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የዓባይን ተፋሰስ ለማጥናት አሜሪካኖች ከሱዳን ጀምሮ የልኬት ነጥቦችን ወደ እኛ አገር ዘረጉ። በ1960ዎቹ ደግሞ የአሜሪካ ጦር የካርታ ቡድን ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ሆኖ በሄሊኮፕተር ተራራ ለተራራ እየዞረ ለካ። የካርታ ሥራዎች ድርጅት የምንለው፣ ዛሬ በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሥር ያለው መሥሪያ ቤት የሚያዘጋጃቸው 1፡50,000 ካርታዎች የተመሠረቱት በዚያ የልኬት መረብ ላይ ነው። 1፡50,000 ማለት ካርታው ላይ 1 ሳንቲ ሜትር መሬት ላይ 500 ሜትር ነው። የጂኦግራፊ ተማሪዎቼ ይህን እንደማትረሱ ተስፋ አለኝ!

መረቡ የሚነሳበት ነጥብ አዲንዳን ይባላል፤ በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ የሚገኝ ቦታ ነው። አዲንዳን የሚለውን ቃል አትርሱት፣ በኋላ እንመለስበታለን።

2. ሳተላይቱ

ጂፒኤስ የአሜሪካ መከላከያ የሠራው የጦር መሣሪያ ነው። የመጀመሪያው ሳተላይት የመጠቀው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ከ20,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ በላይ የሚዞሩ ሳተላይቶች ሰዓታቸውን እየነገሩ ሬዲዮ ይለቃሉ፤ መሬት ላይ ያለው መቀበያ ቢያንስ ከ4ቱ ሰምቶ ምልክቱ የፈጀውን ጊዜ በማስላት ያለበትን ቦታ ያውቃል። ኢንተርኔት አያስፈልገውም፣ ካርድም አይሞላለትም።

ታዲያ የጦር ዕቃ እንዴት ወደ ሲቪሉ መጣ? እ.ኤ.አ. መስከረም 1 ቀን 1983 (ነሐሴ 26 ቀን 1975 ዓ.ም.) አንድ የደቡብ ኮሪያ መንገደኞች አውሮፕላን ከአንኮሬጅ ወደ ሴኡል ሲበር መስመሩን ስቶ ሶቪየት ኅብረት ክልል ገባ። ተዋጊ አውሮፕላን መትቶ ጣለው፤ 269 ሰው አለቀ። ከዚህ በኋላ ነው የሬጋን መንግሥት ጂፒኤስ ሲጠናቀቅ ለሲቪል አገልግሎት በነፃ እንደሚለቀቅ ያሳወቀው። መንገድ መሳት ሰው እንደሚገድል ዓለም በዚያን ቀን ተማረ።

ግን አንድ ነገር ደብቀው ነበር። ለሲቪሉ የሚለቀቀው ምልክት ሆን ተብሎ እንዲዛባ ይደረግ ስለነበር እስከ 100 ሜትር ይስት ነበር። ይህ የተነሳው በሚያዝያ 1992 ዓ.ም. በክሊንተን ጊዜ ነው። በአንድ ሌሊት፣ ምንም አዲስ ዕቃ ሳይገዛ፣ በዓለም ላይ ያለ ጂፒኤስ ሁሉ ስህተቱ ወደ 10 እና 20 ሜትር ወረደ።

3. ሁለቱ መኪና ውስጥ ሲገናኙ

ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ የማጄላን ምርት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ወጣ፣ ዋጋው 3,000 ዶላር ገደማ ነበር። በዚያው ዓመት ጋርሚን የተባለው ኩባንያ ተመሠረተ፤ በቀጣዮቹ ዓመታት ዋጋው እየወረደ፣ ዕቃው እያነሰ መጣ። እኛ አገር የእርዳታ ድርጅቶች፣ የውሃ ቁፋሮ ቡድኖችና ቀያሾች በላንድክሩዘራቸው ዳሽቦርድ ላይ ያስቀመጡት ይህንን ነው።

የላፕቶፑ መንገድ ሌላ ነው። የወረቀት ካርታ ስካን ይደረጋል፣ ኦዚ ኤክስፕሎረርን የመሰለ ፕሮግራም ውስጥ ይገባል፣ ቦታቸው የታወቁ ነጥቦች ተሰጥተውት ካርታው ከቁጥሩ ጋር እንዲገጥም ይደረጋል። ከዚያ ጂፒኤሱ በኬብል ይሰካና መኪናዋ በካርታው ላይ ስትሄድ ታያላችሁ። አፍሪካን በመኪና የሚያቋርጡ ፈረንጆች በጣም ወደውት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ተራ ላፕቶፕ የጂፒኤስ መቀበያ የለውም። ስለዚህ «ወይ ጂፒኤስ ወይ ላፕቶፕ» የሚለው ምርጫ ድሮም ሙሉ ምርጫ አልነበረም። ላፕቶፕ የመረጠ ሰው ጂፒኤስም መግዛት ነበረበት።

በእኛ መንገድ ላይ ሁለቱን ብናወዳድር፦

ኃይል፦ በእጅ የሚያዘው አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በትንሿ የባትሪ ድንጋይ ነው፤ እሷ ደግሞ ከየገጠሩ ሱቅ አትጠፋም። ላፕቶፕ ከመኪናው ሲጋራ ማቀጣጠያ የሚሠራ ኢንቨርተር ይፈልጋል። መኪናው ጠፍቶ ከቆመ የሚበላው የመኪናውን ባትሪ ነው።

መንገድ፦ የድሮ ላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ነው። ኮሮኮንች ላይ ሲንገጫገጭ ምን እንደሚሆን መካኒክ መጠየቅ አያስፈልግም። አቧራውና ፀሐዩም አሉ፤ እኩለ ቀን ላይ ስክሪኑ አይታይም።

አደጋ፦ ላፕቶፕ ጉልበት ላይ ይዞ የሚያነብ ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል። ሾፌሩ ራሱ እያየ ከነዳ አደጋ ነው። ድንገት ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ያ ሁሉ ብረትና ፕላስቲክ ተወርዋሪ ነው።

ዕይታ፦ እዚህ ላይ ላፕቶፑ ያሸንፋል። የመዳፍ ግማሽ የምታክል ስክሪን ላይ አገር አይታይም። ርካሹ ጂፒኤስ ደግሞ መንገድ አያውቅም፤ ቀስት ብቻ ያሳያል፣ ቀስቱም እንደ አሞራ በቀጥታ ነው።

የአሞራ መንገድ ኢትዮጵያ ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ ጎሐ ጽዮንን ያየ ያውቃል። ከጎሐ ጽዮን ደጀን በቀጥታ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ግን ዓባይ በረሃን ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ መልሶ ሲወጣ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ቀስቱ «20 ቀረህ» ሲል ነዳጅህን በዚያ ከለካህ ጉድህ ፈላ።

4. የጠፉት መቶ ሜትሮች

አሁን ወደ አዲንዳን እንመለስ። ጂፒኤስ የሚጠቀመው WGS 84 የሚባለውን የዓለም መለኪያ ነው ይባላል፤ በእኛ ፊደል ደብሊው ጂ ኤስ 84 እንበለው። የድሮዎቹ ካርታዎቻችን ደግሞ በአዲንዳን የተሠሩ ናቸው። ሁለቱ መሬትን የሚያዩባት ቅርጽና መነሻ ስለሚለያይ አንዱ ቦታ ሁለት የተለያየ ቁጥር ይኖረዋል። በአዲስ አበባ አካባቢ ልዩነቱ ከ100 ሜትር በላይ ነው። በ1፡50,000 ካርታ ላይ 100 ሜትር 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ናት። ግን በገደል አፋፍ በሚሄድ መንገድ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ማለት ካርታው እናንተን ገደል ውስጥ ያደርጋችኋል ማለት ነው። ለውሃ ጉድጓድ ቦታ፣ ለወሰን ልኬትማ ጭራሽ ሌላ ታሪክ ነው።

የሚገርመው መፍትሔው ዕቃው ውስጥ ተቀምጧል። ጋርሚን ላይ የመለኪያ ዝርዝሩን ስትከፍቱ አዲንዳን በፊደል ተራ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ዳር ላይ «አዲንዳን» የሚል የታተመበት ካርታ ከያዛችሁ ዕቃውን ወደዚያ መቀየር ብቻ ነው። ከ1992 ዓ.ም. በፊት ይህን ስህተት ማንም ላያስተውለው ይችል ነበር፣ ምክንያቱም ጂፒኤሱ ራሱ እስከ 100 ሜትር ይስታል። የአሜሪካኖቹ መጋረጃ ሲነሳ ግን የራሳችን ካርታ ልዩነት ብቻውን ቀረና ታየ። አንዱ ስህተት ሲጠፋ ሌላው ይጋለጣል፤ ታሪክ ውስጥ ይህ ተደጋግሞ የምናየው ነገር ነው።

5. የእኛ ሰፈር ሾፌሮችስ?

ይህ ሁሉ ሲሆን ከቃሊቲ ተነስቶ ጅቡቲ የሚመላለሰው የከባድ መኪና ሾፌር አንዱንም አልፈለገም። ወደ 900 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ በስም ነው የሚያውቀው፦ ሞጆ፣ አዳማ፣ አዋሽ፣ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ሰመራ፣ ገላፊ። የት ሻይ እንደሚጠጣ፣ የት ጎማ እንደሚቀዘቅዝ፣ የትኛው ቁልቁለት ማርሽ እንደሚፈልግ ከበላዩ ከነበረው ሾፌር ረዳት ሆኖ ተምሮታል። ረዳትነት ትምህርት ቤት ነበር። የዳባዲ ዘመን መንገድ መሪ በሌላ ስም፣ በፊያትና በካማዝ ላይ ቀጠለ ማለት ነው።

ዛሬ በብዙ የጭነት መኪኖች ላይ ጂፒኤስ ተገጥሟል። ነገር ግን አቅጣጫው ተገላብጧል። የድሮው ጂፒኤስ ለሾፌሩ «እዚህ ነህ» ይለው ነበር፤ የአሁኑ ለባለንብረቱ «ሾፌርህ እዚህ ነው» ይላል። ሾፌሩ ስክሪኑን እንኳን አያየውም። ስለ ቴክኖሎጂ ስናወራ «ማን ነው መልሱን የሚያገኘው?» ብለን እንጠይቅ የምላችሁ ለዚህ ነው።

6. ስልኩ መጣ፣ ጥያቄው ቀረ

ከዚያ ስልክ መጣና ሁለቱንም ዋጣቸው። መቀበያውም፣ ካርታውም፣ ስክሪኑም በኪስ ገባ። ሳምራዊት ፍቅሩ የመሠረተችው ራይድ በ8294 ሲጀምር አዲስ አበባ ታክሲ የመጥራት ልማዷን ቀየረች፣ ሌሎቹም ተከተሉ።

ግን ሁላችሁም የምታውቁትን ነገር ልናገር። መኪናው ሲጠራ ስልኩ ላይ የቆማችሁበት ነጥብ ቁልጭ ብሎ ይታየዋል። ሾፌሩ ግን ይደውላል! «ሄሎ፣ የት ጋ ነዎት? ምልክት ይንገሩኝ።» «ከማሰልጠኛ ወረድ ብሎ፣ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት።» «እሺ፣ አወቅሁት።» ሳተላይት፣ ኢንተርኔት፣ ካርታ፣ ሁሉም ተጠናቀው መጨረሻ ላይ ሥራውን የጨረሰው ዳቦ ቤቱ ነው።

አንዳንዱ ሰው ይህን እንደ ኋላቀርነት ያየዋል። እኔ አይመስለኝም። ከተማችን አድራሻዋን የያዘችው በሰዎቿ አፍ ነው። 22 ማዞሪያ የሚለው ስም የ22 ቁጥር አንበሳ አውቶቡስ ይዞርበት የነበረውን ቦታ ያስታውሳል። ቡልጋሪያ የሚባለው በኤምባሲው ነው። ቄራ በቄራው ነው። ስሙ አድራሻም ነው፣ የታሪክ ሰነድም ነው። «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ይሉ የለ?

7. ታዲያ ምን ላይ ነው አደጋው?

አደጋው ስሞቹ በፍጥነት እየጠፉ መሆኑ ነው፤ በተለይ በእኛ ክፍለ ከተማ።

ቱሉ ዲምቱን ዛሬ ሰው የሚያውቀው በክፍያ መንገዱ መግቢያና በኮንዶሚኒየሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው ወደ 80 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የአዳማ ፈጣን መንገድ ከዚያ ይነሳል። ስሙ በኦሮምኛ «ቀይ ጉብታ» ማለት ነው። ገላን የቱለማ ኦሮሞ የጎሳ ስም ነው። እነዚህ ትልልቆቹ ስሞች ዕድለኛ ስለሆኑ ሰፈር ሆነው ተረፉ። ትንንሾቹስ? ጅረቱ፣ መሻገሪያው፣ ገበሬው በሬ ያጠጣበት የነበረው ምንጭ፣ የድሮው የቀብር ቦታ? በላያቸው ላይ «ብሎክ» እና ቁጥር መጣ። ቁጥር ጥሩ ነው፣ ግን ቁጥር ብቻውን ሰው እንደማያደርስ ከላይ አይተናል።

ይህ ለትዝታ ብቻ የማነሳው ጉዳይ አይደለም። እናት ሌሊት ምጥ ይዟት ለ907 አምቡላንስ ሲደወል፣ ወይም እሳት ተነስቶ ለ939 ሲደወል፣ የሚጠየቀው «የት ነው? ምልክቱ ምንድን ነው?» ነው። አዲስ ሰፈር ውስጥ ሁሉም ሰው እንግዳ ነው፣ ብሎኮቹ ይመሳሰላሉ፣ ወረዳው ስሙም ቁጥሩም ተቀይሯል፣ የቤት ቁጥሩ አንዳንዱ የድሮ ቀበሌ ነው። ደዋዩ ምልክት መጥራት ካልቻለ መኪናው ስንት ደቂቃ ይዞራል? ስም ያለው ቦታ ሰው ያድናል።

በክፍሌ ልጆቹን አንድ የቤት ሥራ ሰጥቻቸው ነበር፦ ቤታችሁ አካባቢ ያለ፣ ካርታ ላይ የሌለ አንድ ስም ከትልቅ ሰው ጠይቃችሁ አምጡ። አንዷ ያመጣችው አያቷ ልብስ ያጥቡበት የነበረውን የወንዝ መሻገሪያ ስም ነው። ዛሬ እዚያ ላይ ድልድይ አለ፣ በየቀኑ ሺህ ሰው ያልፍበታል። ስልኩ ላይ ግን ቦታው ባዶ ነው። ያን ስም ከአያቷ ሌላ የሚያውቅ ሰው በሰፈሩ ስንት እንደቀረ እንጃ።

8. እንግዲህ መልሱ

ለሾፌሩ ወንድሜ፦ ሁለቱን አታፋልም። ዳሽቦርድ ላይ በእጅ የሚያዘው ጂፒኤስ ወይም ካርታ አስቀድመህ ያወረድክበት ስልክ ይሁን። ላፕቶፑ ማታ ሆቴል ውስጥ ለነገ ማሰቢያ ይሁን፤ በሰፊው ስክሪን መንገዱን እየው፣ ነጥቦቹን መዝግብ፣ ወደ ትንሹ ዕቃ ጫናቸው፣ ላፕቶፑን ዘግተህ ሻንጣ ውስጥ ክተተው። መለኪያው ደብሊው ጂ ኤስ 84 ይሁን አዲንዳን፣ ከካርታው ጋር አመሳክር። ዕቃውን ከውጭ የምታስመጣ ከሆነ ፈቃድ ይጠየቅበት እንደሆነ ከመግዛትህ በፊት አጣራ። የባትሪ ድንጋይ ትርፍ ያዝ። አፋርም ሆነ ሌላ በረሃ ስትገባ ደግሞ የአገሩን ሰው መሪ አድርገህ ግባ፤ ውሃው የት እንዳለ ሳተላይቱ አያውቅም።

ለሌሎቻችሁ ደግሞ ጥያቄ አለኝ። ኦፕን ስትሪት ማፕ የሚባል፣ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ያለ፣ ማንም ሰው በነፃ የሚያርመው የዓለም ካርታ አለ። አንድ ቦታ በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሌላም ቋንቋ ስሙ ሊጻፍበት ይችላል። ብዙ ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ የስልክ ካርታዎች መረጃቸውን የሚወስዱት ከዚያ ነው። ዛሬ የምትጽፉት ስም ነገ የማታውቁትን ሾፌር ያደርሳል ማለት ነው።

መጀመሪያ ግን ከሰው እንጀምር። አቃቂ፣ ቃሊቲ፣ ሳሪስ፣ ገላን፣ ቂሊንጦ፣ ቱሉ ዲምቱ ያደጋችሁ፦ ካርታ ላይ የሌለ፣ ግን እናንተ ወይም ወላጆቻችሁ የምታውቁትን አንድ የቦታ ስም ከነታሪኩ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። የት ጋ እንደሆነም በምልክት ንገሩኝ። ትርጉሙን የምታውቁ ጨምሩበት፣ የተሳሳተ ካለ በትሕትና አርሙ። ተማሪዎቼ እየሰበሰቡ ካርታው ላይ ያስገቡታል። ቤት ውስጥ ሽማግሌ ያላችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ ጠይቋቸው፣ ለነገ አትበሉ።